ተራኪው ዝም ሲል

ሮይ ባቲ ዝናብ እየወረደበት ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሠራሽ ፍጡር ነው፤ የተሰጠው የአራት ዓመት ዕድሜ ሊያልቅ ደቂቃዎች ቀርተውታል። ሊገድለው የመጣውን ፖሊስ አሁን ገና ከሞት አውጥቶታል። በዓይኑ ያየውን በጥቂት ቃል ይናገርና አንገቱን ይደፋል፤ በእጁ የነበረችው ርግብም ትበራለች። ፖሊሱ ሪክ ዴካርድ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያየዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነገር የትኛውን «ብሌድ ራነር» እንዳዩት ይወሰናል። በ1982 አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባ ሰው የዴካርድን ድምፅ ይሰማል። ለምን እንዳተረፈኝ አላውቅም፣ ምናልባት በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት ሕይወትን ከምንጊዜውም አብልጦ ወድዶ ይሆናል እያለ ያስረዳል። በዚያው ዓመት ለሙከራ በታየው ቅጂ ይኸው ድምፅ የሚለው ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞት አየሁት ይላል። በ1992 ወይም በ2007 የወጣውን ያየ ሰው ግን ዝናቡንና የቫንጌሊስን ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ተዋናዩ ያው ሩትገር ሃወር፣ ጣሪያው ያው ጣሪያ፣ ሞቱ ግን ሦስት ነው። (ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ፊልም በጠቅላላው ሰባት ያህል ቅጂ እንዳለው ይነገራል። ወሬው ሲነሳ የተለመደው ፍርድ አጭር ነው፤ ስቱዲዮው አበላሸ፣ ዳይሬክተሩ አቀና። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አምን ነበር። ቅጂዎቹን እየደጋገምኩ ሳይ ግን መቀሱን ማን ያዘ የሚለው ጥያቄ ሩቅ እንደማያስኬድ ገባኝ። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በየትኛው ቅጂ ላይ ነው ተመልካቹ የታመነው?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሪድሊ ስኮት «ኤሊየን»ን በ1979 ሠርቶ ስሙ ከተጠራ በኋላ፣ ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1968 ባሳተመው ልብወለድ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ተሰጠው። ጽሑፉን ሃምፕተን ፋንቸር ጀምሮት ዴቪድ ፒፕልስ አሻሻለው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኅዳር 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ሬፕሊካንት የሚባሉ ሰው ሠራሽ ፍጡራን ከሌላ ዓለም አምልጠው ወደ ምድር መጥተዋል፤ ዴካርድ አድኖ እንዲገድላቸው ታዟል። ቀረጻው ከታሰበው በላይ ገንዘብ ሲበላ፣ የወጪ ጭማሪውን ለመሸፈን ዋስ የነበሩት ባድ ዮርኪንና ጄሪ ፔሬንቺዮ ሥልጣን አገኙ። መጋቢት 1982 መጀመሪያ ላይ ፊልሙ በዴንቨርና በዳላስ ለሙከራ ታየ። ሃሪሰን ፎርድን በ«ስታር ዋርስ»ና በቀደመው ዓመት በወጣው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም የወደደው ሕዝብ ሳቅና ፍልሚያ ሲጠብቅ ጨለማ፣ ጭስና ዝናብ ቀረበለት። ብዙዎች አልገባንም አሉ። ልብወለዱን የጻፈው ዲክ በዚያው ወር በሁለተኛው ቀን አርፎ ስለነበር የፊልሙን መጨረሻ አላየም።

አልገባንም የሚል ቃል ገንዘቡን ያወጣ ሰው ጆሮ ሲደርስ መፍትሔው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አስረዳቸው። ሮላንድ ኪቢ የሚባል ጸሐፊ ትረካ ጻፈ፣ ፎርድም ድምፁን ሰጠ። ትረካውን እንደማይወደው ፎርድ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ይሁን እንጂ የተራኪው ሐሳብ ከሰማይ የወረደ ወይም ስቱዲዮው ብቻ የፈጠረው አልነበረም፤ ከፋንቸር የመጀመሪያ ረቂቆች ጀምሮ ነበር። በ1940ዎቹ የመርማሪ ፊልሞች ዘንድ ዝናብ፣ ኮፍያና የደከመ የወንድ ድምፅ አብረው ይሄዳሉ፤ «ብሌድ ራነር»ም ልጃቸው ነው። ስለዚህ ተራኪ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚናገረው ነገር ላይ ነው።

አንድ ቦታ ላይ የፖሊስ አዛዡ ብራያንት ሬፕሊካንቶቹን በስድብ ስም ይጠራቸዋል። ተመልካቹ ስድቡን ሰምቶ፣ ይህን ዓይነት ንግግር ከየት ነው የማውቀው ብሎ እስኪያስብ ጊዜ አይሰጠውም፤ ተራኪው ቀድሞ ብራያንትን በድሮ ዘመን ጥቁሮችን ይሳደቡ ከነበሩት ፖሊሶች ጋር ያመሳስለዋል። ማመሳሰሉ ልክ ነው። ግን የእኛ ሥራ ነበር። ጋፍ የተባለው ፖሊስ ከብዙ ቋንቋ የተቀላቀለ የመንገድ ቋንቋ ሲናገር፣ እንግዳነቱ ገና ጆሯችንን ሳይቆረቁረው ተራኪው ምንነቱን ይነግረናል። በአማርኛ ትርጉም ፊልም ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተዋናዩ ሽጉጡን ሳይመዝ ተርጓሚው «አሁን ሊገድለው ነው» ይል የለ? እዚያ እንኳ ሰውየው ቋንቋ እያሻገረልን ነውና ውለታ አለው፤ አንዳንዱም ከተዋናዩ ይበልጥ ያስቅ ነበር። ዴካርድ ግን የሚያሻግረው ነገር የለውም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። የፊልሙ ትልቁ ጥያቄ ሰው ማነው የሚለው ነው። ሬፕሊካንቶቹ ፎቶግራፍ ይሰበስባሉ፣ የሌላ ሰው የልጅነት ትዝታ ተሰጥቷቸው የራሳቸው ይመስላቸዋል። ሬቸል የምትባለው ሴት ሰው መሆኗን ስትከራከር፣ ለማንም ያልነገረቻትን የልጅነት ትዝታ፣ ከመስኮቷ ውጭ ድር ስለሠራችው ሸረሪት፣ ዴካርድ ራሱ ይነግራታል። ትዝታው የተተከለ ነው ማለት ነው። ቆየት ብላ እርሷም ትጠይቀዋለች፦ አንተስ ያንን ሬፕሊካንትን ከሰው የሚለየውን ምርመራ ተመርምረህ ታውቃለህ? መልስ የለም፤ እንቅልፍ ወስዶታል። ይህ ጥያቄ በሁሉም ቅጂ ውስጥ አለ። ተራኪው ባለበት ቅጂ ግን አይሠራም፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ሐሳቡን፣ ድካሙን፣ የፈታችውን ሚስቱን ሳይቀር ሲያጫውተን የቆየን ሰው፣ ሰው ነህ ወይ ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ስቱዲዮው በዚህ አላበቃም። ስኮት ፊልሙን የሚዘጋው በአሳንሰር በር ነበር፤ ዴካርድና ሬቸል ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ጨለማ። በ1982 ሲኒማ ቤት የገባው ቅጂ ከበሩ በኋላ አረንጓዴ ተራራና ጫካ ያሳያል። ዝናብ የለም፣ ጭስ የለም፤ ሁለቱ በመኪና ይሄዳሉ። ተራኪውም ሬቸል እንደ ሌሎቹ የአራት ዓመት ገደብ እንደሌላት ያበሥራል። የተራራው ምስል ከየት መጣ ቢባል፣ ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» መክፈቻ በሄሊኮፕተር አስቀርጾ ሳይጠቀምበት ከቀረው ነው። የሰው ልጅ ከገዛ ራሱ ሥራ የሚሸሽበት ፊልም ፍጻሜውን ከአስፈሪ ፊልም ትርፍራፊ መዋሱ ያስቀኛል። እንደዚህ ያለ ተራራ በቅርብ ካለ ደግሞ ሕዝቡ በዚያ ጭስ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ፊልሙ ሰኔ 25 ቀን ሲኒማ ቤት ገባ። «ኢ.ቲ.» ሁለት ሳምንት ቀድሞት ወጥቶ የአሜሪካን ቤተሰብ ሁሉ ይዞ ነበር፤ የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ደግሞ በዚያው ቀን ወጣ። ሁለቱም ጨለማ ፊልሞች በዚያ ክረምት በወጉ አልቀናቸውም። ከአሜሪካ ውጭ የወጣው ቅጂ ትረካውንና ተራራውን ሳይለቅ ጥቂት ደም ጨመረ፦ ባቲ ፈጣሪውን ታይረልን ዓይኑን ተጭኖ ሲገድለው፣ በገዛ መዳፉ ሚስማር ሲያሳልፍ በግልጽ ይታያል። ለቴሌቪዥን የተለዘበውም አለ። እነዚህን ለጥንቅቅ ባዮች እተዋቸዋለሁ።

ታሪኩን የቀየረው ስህተት ነው። በ1990 በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ የሚባል ሲኒማ ቤት በ70 ሚሊሜትር የታተሙ የቆዩ ፊልሞችን ሲያሳይ፣ «ብሌድ ራነር» ተብሎ የመጣለት ያ ለዴንቨርና ለዳላስ የታየው የሥራ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ተመልካቹ ተራኪ ሲጠብቅ ተራኪ የለም፤ ከባቲ ሞት በኋላ ከሚሰሙት ጥቂት ቃላት በቀር ዝም ነው። ተራራም የለም፤ የአሳንሰሩ በር ዘጋው። ወደ መጨረሻው አካባቢ ሙዚቃው እንኳ ገና ጊዜያዊ ነበር። ወሬው ተዛመተ፣ በ1991 በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ ሲታይ ወንበር ጠፋ። የዳይሬክተሩ ቅጂ ነው ተብሎ ቢሸጥም ስኮት ግን ያላለቀ ሥራ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ከዚህ ግፊት የተነሳ በጥድፊያ የተዘጋጀው ነው በ1992 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» ተብሎ የወጣው። ትረካው ወጣ፣ ተራራው ወጣ፣ አንድ ነገር ገባ፤ ሕልም።

ሕልሙ አጭር ነው። ዴካርድ ፒያኖው ላይ ተደግፎ ሳለ፣ ነጭ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ በጫካ ውስጥ እየጋለበ ይመጣል። (ዳዊት የደገመ አንባቢ አንድ ቀንድ ያለውን ፍጡር በስም ያውቀዋል።) በፊልሙ መጨረሻ ጋፍ በዴካርድ ደጃፍ ከወረቀት የታጠፈ ይህንኑ እንስሳ ጥሎ ይሄዳል። በ1982ቱ ቅጂ የወረቀቷ ትርጉም ቀላል ነበር፦ ጋፍ መጥቶ ነበር፣ ሬቸልን ምሯት ሄደ። ሕልሙ ሲገባ ትርጉሟ ይገለበጣል። ዴካርድ የሬቸልን ሸረሪት እንዳወቀ ሁሉ ጋፍ የዴካርድን ሕልም ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዴካርድም ሬፕሊካንት ነው። ሕልሙን ስኮት በኋላ ከሠራው «ሌጀንድ» የተወሰደ የሚያደርገው ወሬ ስህተት ነው፤ ለ«ብሌድ ራነር» ተብሎ ተቀርጾ በ1982 የተከለከለ ነው። ስኮት በ2000 ለቴሌቪዥን ሲናገር አዎ ሬፕሊካንት ነው ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ፎርድ በበኩሉ ተመልካቹ የሚይዘው አንድ ሰው ያስፈልገዋል ብሎ ዴካርድ ሰው ነው እያለ ሲሟገት ኖሯል። ፋንቸር ደግሞ ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ቢቀር ይመርጣል።

እኔ ከፋንቸር ጋር ነኝ። እዚህ ላይ ከብዙ የፊልሙ ወዳጆች ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ። ትረካውን አውጥቶ ሕልሙን ማስገባት አንዱን አስረጂ አባርሮ ሌላ አስረጂ መቅጠር ይመስለኛል። ተራኪው ሰው ነው ብሎ ይዘጋዋል፣ ሕልሙ አይደለም ብሎ ይዘጋዋል። ጥርጣሬው እኮ ከሕልሙ በፊት ነበረ፤ በሬቸል ያልተመለሰ ጥያቄ፣ በዴካርድ ፒያኖ ላይ በተደረደሩት የቆዩ ፎቶግራፎች፣ ለቅጽበት ከሬቸል ጀርባ ቆሞ ዓይኑ እንደ ሬፕሊካንቶቹ ሲያበራ። እነዚህ ሁሉ ትረካው ከላያቸው ሲነሳ ብቻቸውን መናገር ይጀምራሉ። ያ ያላለቀው የሥራ ቅጂ፣ ጎደሎ ሙዚቃውን ይዞ፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ያምነኛል፤ ሕልም የለውም፣ ተራራ የለውም፣ የወረቀቷን ፈረስ ብቻ እጄ ላይ ጥሎ በሩን ይዘጋል።

ስለ ቅጂ ስናወራ የጸሐፍት ስህተት መነሳቱ አይቀርም። ብራያንት በ1982ቱ ቅጂ ስድስት ሬፕሊካንቶች አመለጡ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ተቃጠለ ይላል። አምስት ሊቀሩ ነው። የምናየው ግን አራት ብቻ ነው። አምስተኛው ማን ነው? ለዓመታት ብዙ ሰው ዴካርድ ነው እያለ ተከራከረበት። እውነቱ የበጀት ነገር ነው። ሜሪ የምትባል ሬፕሊካንት ነበረች፣ ስቴሲ ኔልኪን የተባለች ተዋናይት ተመርጣላት ነበር፤ ገንዘብ ሲያጥር ገጸ ባሕርይዋ ተሰረዘች፣ ቁጥሩ ግን ሳይታረም ቀረ። የጸሐፊ ግድፈት ለትርጓሜ በር ሲከፍት በብራና መጻሕፍት የለመድነው ነው። በ2007 ብራያንት የተቃጠሉትን ሁለት ብሎ አረመው። እርማቱ ልክ ነው፤ ትንሽ ቅር ቢለኝም።

ይህ የ2007 «የመጨረሻው ቅጂ» ስኮት ሳይጣደፍ እንደ ፈቃዱ የሠራው ብቸኛው ነው። ተጠሪው ቻርልስ ዴ ላውዚሪካ ነበር። መደበኛው ፊልም በ4 ኬ፣ የልዩ ምስሎቹ ሰፊ ፊልም በ8 ኬ ተነሥቶ ሲጸዳ፣ የሚበረው መኪና ከላይ የተንጠለጠለበት ሽቦ ጠፋ። ዞራ የተባለችው ሬፕሊካንት የመስታወቱን ግድግዳ ጥሳ ስትሮጥ በግልጽ ሌላ ሴት እንደሆነች የሚታየው ፊት ተቀየረ፤ ተዋናይቷ ጆአና ካሲዲ ከ25 ዓመት በኋላ ልብሱን ለብሳ መጥታ በፊቷ ተተካ። እባብ ሻጩን ሲያናግር የዴካርድ አፍና ድምፅ አይገናኝም ነበር፤ የፎርድ ልጅ ቤን የአባቱን አፍ ሆኖ ተቀረጸ። አባቱ የተጠላበትን የትረካ ድምፅ ሲሰጥ ልጁ አፍ መስጠቱ ደስ ይለኛል። ርግቧም ተስተካከለች። በፊት ከዚያ ሁሉ ዝናብ ተነሥታ ወደ ጠራ ሰማያዊ ሰማይ ነበር የምትበረው፤ አሁን ወደ ሌሊቱ ትበራለች። የቀለሙ ወደ አረንጓዴ ማዘንበል ያልተመቻቸው አሉ፣ እኔንም አንዳንድ ቦታ ይከነክነኛል። ሕልሙ እዚህ በረዘም ሁኔታ ተመልሷል።

የሚገርመው ርዝመታቸው ነው። የሥራ ቅጂው 113 ደቂቃ፣ ሌሎቹ 116 እና 117 ናቸው። ሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ ነው ሰውየው ከሰውነት ወደ ማሽንነት የሚሻገረው።

ወደ ሌሎች የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች ብንዞር ያው ጠብ በየቤቱ አለ፤ እንግዳ ዓለም የሚሠራ ሰው ሁሉ ተመልካቹ ይጠፋብኛል ብሎ ይፈራልና። ኩብሪክ «2001»ን ሲሠራ መክፈቻው ላይ የሳይንቲስቶች ቃለ ምልልስ፣ በመሐል ደግሞ ትረካ ሊያስገባ አስቦ ነበር፤ ሁለቱንም ጣላቸው። በሚያዝያ 1968 ከታየ በኋላም 19 ደቂቃ ያህል ቆረጠ። መቀሱ የራሱ ነበር፣ አስቀድሞ የጣለውም ማብራሪያ ነበር። ስፒልበርግ «ክሎዝ ኢንካውንተርስ»ን በ1980 እንደገና ሲያቀናብር ስቱዲዮው ለጭማሪው ገንዘብ የሰጠው የባዕድ ፍጡራኑ የጠፈር መርከብ ውስጡ እንዲታይ ነው። አሳየ፤ ተጸጸተ፤ በ1998 መልሶ ሸፈነው። የቴሪ ጊሊያም «ብራዚል» በዩኒቨርሳል እጅ ተይዞ 94 ደቂቃ የሆነች ደስተኛ ቅጂ ተሠራላት፤ ጊሊያም በቫራይቲ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ ፊልሜን መቼ ነው የምትለቀው ብሎ የኩባንያውን አለቃ በአደባባይ ጠየቀ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የነጋዴው ይመስላል።

ግን «ዶኒ ዳርኮ» አለ። ሪቻርድ ኬሊ የ2001 ፊልሙን በ2004 በነጻነት አስረዝሞ ሲያወጣ፣ ስለ ጊዜ ጉዞ የሚያስረዳ ምናባዊ መጽሐፍ ገጾችን በስክሪኑ ላይ ዘረጋ። ማንም አላስገደደውም። በፊት የልጁ የዶኒ እብደት ይሁን የዓለም ፍጻሜ ሳናውቅ የምንቀመጥበት ፊልም የቤት ሥራ ሆነ። ስኮትም ቢሆን በ2003 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» ብሎ «ኤሊየን»ን ሲያወጣ፣ የ1979ኙ የሚፈልገው እንደነበረ ሳይደብቅ ተናግሯል፤ ስያሜው ለገበያ ነው። አዲሱ ቅጂ ትዕይንት ተጨምሮበት እንኳ ከመጀመሪያው በደቂቃ ያህል ያጥራል። ዳይሬክተር ሁልጊዜ ልክ ነው የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይወላገዳል።

ለ«ብሌድ ራነር» ባለመብቶች አንድ ነገር ግን አመሰግናቸዋለሁ። ጆርጅ ሉካስ በ1997 «ስታር ዋርስ»ን ካደሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ከሰው ዓይን ማራቅን መርጧል፤ በ2006 በዲቪዲ ተጨማሪ ሆነው ከመውጣታቸው በቀር ተመልካቹ አዲሱን ብቻ እንዲያውቅ ፈርዷል። በ2007 የወጣው የ«ብሌድ ራነር» ስብስብ ግን የሥራ ቅጂውን፣ የ1982ቱን ሁለቱንም፣ የ1992ቱንና የመጨረሻውን በአንድ ሳጥን አወጣ። የትርጓሜ መምህር አንዱን ፍቺ ተናግሮ ሁለተኛውን ሲያስከትል የፊተኛውን አይሽርም፤ «አንድም» ብሎ ያልፋል። ሳጥኑ እንዲሁ ነው። አንድም ሰው ነው፣ አንድም ሬፕሊካንት ነው፣ አንድም አናውቅም። ዴኒ ቪልነቭ በ2017 ተከታዩን ፊልም ሲሠራ ዴካርድን አርጅቶ አመጣው፣ ግን የትኛው እንደሆነ ሳይነግረን ዘለለው። ብልህ ሰው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ወዳጅ ቢጠይቀኝ የሥራ ቅጂውን አልሰጠውም፤ ምስሉ ይደክማል፣ ሙዚቃውም ይጎድላል። የ1982ቱን ለኋላ፣ ለማወቅ ያህል ይየው። የምከፍትለት የ2007ቱን ነው፣ መብራት አጥፍቼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። ዴካርድ ፒያኖው ላይ ሲደገፍ ግን ሻይ ላምጣልህ ብዬ ቴሌቪዥኑ ፊት መቆሜ አይቀርም።